የላይኛው ቡለን

«የዚህችን መኪና ሞተሪኖ ሞተሩ ሳይወርድ የገጠመ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረው» ይላል አጎቴ። ጠዋት ይላል፣ ምሳ ላይ ይላል፣ ጎማ ሊያስነፋ ለገባ ታክሲ ነጂ ሳይቀር ይላል። ወንድሙ አባቴ ነው። ከሞተ ወዲህ በአጎቴ ወሬ ውስጥ እጁ በየዓመቱ እየቀጠነ፣ ጣቱ እየረዘመ ሄዷል። ዘንድሮ ጭራሽ አጥንት የለውም።

መኪናዋ የድሮ ደንበኛችን የሆነች ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ንብረት ናት። ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በዕድሜ እናቴን የምታህል የእሽቅድምድም መኪና። ሠሪዎቿ መጀመሪያ ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተር ማስነሻውን፣ አየር ላይ ሰቅለው ሌላውን ሁሉ በዙሪያው የገነቡ ይመስለኛል። የተቃጠለውን እየተሳደብኩ አወጣሁት።

«ማውጣትማ ማን ያቅተዋል» አለ አጎቴ። «አዲሱን እስከ ምሳ ካልገጠምሽ መኪናዋን ክሬን ላለው ለማዶው ጋራዥ እሰጣለሁ። አንቺም ወደ ዕቃ አጠባሽ።»

ዕቃ አጠባ ማለት ቀኑን ሙሉ እጅን ቤንዚን ውስጥ ነክሮ የሌላ ሰው ሥራ ማየት ነው። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ ጓሮ የተጣሉ ሞተሮችን እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ ለብቻዬ ነው የለመድኩት። ወደ አጠባ ከምመለስ ክሬኑ እኔን አንስቶ ቢወስደኝ ይሻለኛል።

ሞተሪኖውን የሚይዙት ሁለት ቡለኖች ናቸው። የታችኛው ወዲያው ገባ። የላይኛው ቦታው ከጭስ ማውጫው ጀርባ ነው። እዚያ ወይ እጅ ይገባል ወይ ዓይን፤ ሁለቱ አብረው አይገቡም። ቡለኑን ጣቴ ጫፍ ላይ በግራሶ ቅባት ለጥፌ ሰደድኩት። ወደቀ። መኪናዋ ሥር ገብቼ አነሳሁት። ደግሜ ሰደድኩት። ወደቀ።

«የአባትሽ እጅ ቢሆን ኖሮ...» አለ አጎቴ በሩን ተደግፎ።

«የአባቴ እጅ ተቀብሯል። ያንተ አለልህ፣ ና ሞክር።»

«የኔ ወፍራም ነው።»

«ምላስህስ ጋሼ? እሱ የማይደርስበት የለም።»

ሄደልኝ። ክንዴን እስከ ብብቴ ሳሙና ቀባሁት። ቡለኑ ቢወድቅም እንዳይርቅ አንገቱ ላይ ክር አሰርኩ። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የሚያደናግረኝ እሱ ነበር። ቀዳዳውን በጣቴ አገኘሁት። ቡለኑ ያዘ። በጥፍሬ እየገፋሁ፣ ቀጥሎ በአጭሯ መፍቻ ትንሽ በትንሽ እያዞርኩ አጠበቅኩት። ክሩን ስጎትት ተበጠሰና ጥቂቱ እዚያው ቀረ። የክንዴ ቆዳም ጥቂቱ እዚያው ቀረ።

ቁልፉን አዞርኩ። መኪናዋ በመጀመሪያው ተነሳች። አጎቴ ሰዓቱን አየ፤ ምሳ አልደረሰም። ሰዓቱን ነካ ነካ አድርጎ ደግሞ አየው።

ሐኪሟ መኪናዋን ልትወስድ ስትመጣ አጎቴ አፉን አሙቆ ጠበቃት። «ዶክተር፣ ሞተሩ ሳይወርድ የገጠሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው! የአባቷን እጅ ነው የወረሰችው!»

ሐኪሟ የኔን ክንድ አየች። «ምን ነካሽ ልጄ?»

«የላይኛው ቡለን» አልኳት።

«በላይ በኩል አስገባሽው?» አለችና የተሳፋሪውን በር ከፍታ ምንጣፉን ገለጠች። ከሥሩ በትንንሽ ቡለኖች የታሰረች፣ መዳፍ የምታህል የቆርቆሮ ክዳን ነበረች። «አባትሽ እኮ በዚህች ነበር የሚገጥመው። ይህን ወንድሙን ሲጋራ ግዛ ብሎ ይልከውና ክዳኗን ይከፍታል።»

ክዳኗን ፈትቼ አነሳኋት። ቡለኔ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ የተበጠሰው ክር አንገቱ ላይ ነበር።