አሥራ ስድስተኛው ትርዒት

አብዲራህማን ኮፊያውን በእጁ ጨብጦ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ሲቆም ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ።

ሙሉነሽ ቀና ብላ አየችው። ባሏ ወልደማርያም ሰኞ ተቀብሮ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሁሉ ለቅሶ ሲደርስ እሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። እህቷ ሸዋገነት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ደግሞ በምን ዐይኑ መጣ?» አለቻት።

«ተይው፣ ይቀመጥ።»

አብዲራህማን ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ንፍሮ ሲያቀርቡለት ዘገነና ሳይቀምሰው እጁ ላይ ያዘው።

እሱና ሟቹ የማይለያዩ ሰዎች ነበሩ። ወልደማርያም የባቡር ወርክሾፕ መካኒክ፣ አብዲራህማን ደግሞ ወደ ጅጅጋ ጭነት የሚያመላልስ የመጋላ ሰፈር ልጅ። በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ፊያት ከአምስት መኪና በተለቃቀመ ዕቃ አስነሡና፣ ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው እሁድ ጣቢያው ፊት ለፊት አቆሙት። ከጎኑ የአብዲራህማንን የጭነት መኪናና የአንድ አርመን ባለሱቅ ላንድሮቨር አሰለፉ። የመኪና ትርዒት ያሉት ይኸው ነበር፤ ሦስት መኪና! ሰው ሳቀ፤ ግን መጣ። የቀፊራ ገበያ ሴቶች ቅርጫታቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው መጡ። ከዋሂል ግመል ሊሸጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ሆዱን አሳየኝ» ቢሉት ወልደማርያም ኮፈኑን ከፍቶ ግማሽ ቀን ሲያስረዳቸው ዋለ። «ኮፈኑ የተዘጋ መኪና ቁም ሣጥን ነው» ይል ነበር። በዓመቱ ሰባት መኪና መጣ፤ በአሥረኛው ዓመት ከሐረርና ከጅጅጋ የመጡትን ጨምሮ አርባ ደረሰ።

አምና ግን አስመጪዎች ከጅቡቲ በባቡር ያወረዷቸውን አዳዲስ መኪናዎች ይዘው መጡ። ድንኳኑንም ሙዚቃውንም እኛ እንችላለን፣ አሮጌና ጥግን መኪና ግን አይሰለፍም አሉ። የትርዒቱ ኮሚቴ አባላት ደግፈው እጅ አወጡ። አብዲራህማንም አወጣ። ወልደማርያም ፊያቱን ነድቶ ቤቱ ገባ፤ ሸራ አለበሰው። ከዚያ ወዲያ የጓደኛውን ስም ሲጠራ የሰማው የለም። ክረምት ላይ ደረቱን ያመው ጀመር።

«ሙሉ» አለ አብዲራህማን ለቀስተኛው ሲሳሳ። «እጄን አወጣሁ። ወላሂ፣ ትርዒቱ እንዳይሞት ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሲታመም ሁለቴ መጥቼ ነበር። በራችሁ ላይ ቆምኩ፤ ማንኳኳት አቃተኝ።»

ሙሉነሽ እሱ የማያውቀውን ታውቃለች። ብትነግረው ይጎዳል። ካልነገረችው ደግሞ እሷን ውስጥ ውስጡን ሊበላት ነው።

«ሦስቴ ነው የመጣኸው» አለችው።

አብዲራህማን ዞሮ አያት።

«ከአልጋው ሆኖ የሞተርህን ድምፅ ይለየዋል። ‹አብዲ ነው፤ ካርቡራቶሩን ዛሬም አላጸዳውም› ይለኛል። ልክፈትለት ስለው፣ ‹ካንኳኳ ክፈቺለት› ይላል። በሦስተኛው ቀን ሸሚዝ አምጪልኝ አለኝ። ለብሶ፣ ትራስ ተደግፎ ጠበቀህ። ስትሄድ ሸሚዙን ራሱ አወለቀው።»

ንፍሮው ከእጁ ተበተነ። አብዲራህማን ፊቱን በኮፊያው ሸፈነ።

«እኔም መክፈት እችል ነበር» አለች ሙሉነሽ። «አሥራ አምስት ዓመት አንተና መኪናዎቹ ወስዳችሁብኛል። ሲታመም የኔ ብቻ ሆነ። በሩን ከከፈትኩ መልሰህ የምትወስደው መሰለኝ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር፣ አብዲ።»

ሸዋገነት ወንበር የምታነሳ መስላ ራቅ አለች።

«የዘንድሮው የእሁድ ትርዒት እንዲቀር ተስማምተናል» አለ አብዲራህማን።

«አይቀርም። ቢቀር ይቆጣል።»

«እሺ። አቦ፣ እንዳልሽ።»

እሁድ ሰባተኛው ቀን ነበር። ሙሉነሽ ከሩቅ ክላክስ ይሰማል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ምንም የለም። ሸዋገነት ሮጣ ገብታ፣ «ነይ፣ ውጪና እዪ!» አለቻት።

መኪናዎቹ በመንገዱ ላይ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ አሮጌውም አዲሱም ተቀላቅሎ። የአንዱም ሞተር አልተነሣም። ለቅሶ ቤት ፊት እንዳይጮህ ብለው ባለቤቶቹ በእጃቸው እየገፉ ነው። አብዲራህማን ከፊት ሆኖ፣ የጭነት መኪናውን ሰዎች ከኋላ እያገዙት፣ በአንድ እጁ መሪ ይዞ፣ በትከሻው ይገፋል። እሷ ጋ ሲደርስ ቀና አላለም። የሚሰማው የሰው ትንፋሽና የጎማ መንኮሻኮሽ ብቻ ነበር።

መጨረሻ ላይ የመጣው ከአስመጪዎቹ አንዱ ነው፤ አዲስ ነጭ መኪና፣ ከኋላው ሸሚዙ በላብ የራሰ ወፍራም ሰው። በሩ ፊት ለፊት ሲደርስ የኋላ ጎማው አሸዋው ውስጥ ሰጠመ። ሰውየው ገፋ፤ አልነቃነቅ አለው። ቀና ሲል ጥቁር የለበሰችውን ሴት አይቶ አቀረቀረ።

ሙሉነሽ ከደጃፉ ወረደች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። ከሰውየው ጎን ቆማ ሁለት መዳፎቿን ፀሐይ ያጋለው ብረት ላይ አሳረፈችና ገፋች።