የማኅበር መቀመጫ የሆነው ቁምሳጥን

ሸዋረገጥ ያንን ቁምሳጥን ከቤቷ ስታስወጣ እንደ መገላገል ነው የቆጠረችው። ልጇ ጽዮናዊት ከአዲስ አበባ መስታወት ያለው፣ መዝጊያው የሚንሸራተት አዲስ ልካላታለች። አሮጌው አንድ እግሩ ተሰብሮ በጡብ የቆመ፣ መዝጊያው የማይገጥም ነበር። ባሏ ዓምደሚካኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደኅናው ጊዜ በዋንዛ ያሠራው ነው፤ ግን ሰለቻት። ጎረቤቷ መቅዲ መጥታ "እትዬ፣ የማይፈልጉት ከሆነ ልውሰደው?" ስትላት፣ "ውሰጂው፣ ለማገዶም ቢሆን ይሆንሻል" አለቻት። ባለጋሪው ኩመራ ጭኖ እዚያው ጊንጆ ሰፈር ውስጥ፣ ወረድ ብሎ ካለው የመቅዲ ቤት አደረሰው። በቃ፣ ረሳችው።

መቅዲ የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር ውስጥ ከሁሉም በኋላ የገባች ናት። ባሏ መምህር ነው፤ ኪራይ ቤት ነው የሚኖሩት። ሰው የጣለውን ታነሳለች እየተባለች ትታማለች። የተቀደደ ጀሪካን ቆርጣ ጎመን ትተክልበታለች፤ የተቃጠለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሆዱን አውጥታ የከሰል ምድጃ አድርጋዋለች። ሸዋረገጥ ታዝንላት ነበር። ማዘን ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ደስ ይላል።

በወሩ የማርያም ማኅበር የመቅዲ ተራ ደረሰ። ሴቶቹ የት ልታስቀምጠን ነው እያሉ ሰነበቱ። ሸዋረገጥማ ሁሉም እያየ ልታውሳት አራት የፕላስቲክ ወንበሮቿን በኩመራ ጋሪ አስጭና ሄደች።

ገብታ ያየችው ግን ሌላ ነው። ቁምሳጥኑ በጀርባው ተጋድሟል። መዝጊያዎቹ መቀመጫ ሆነዋል፣ አንደኛው ጎኑ ተነቅሎ መደገፊያ። ዋንዛው ተጠርቦ፣ ዘይት ጠጥቶ ያበራል። በላዩ የቡና ኬሻ ታጥቦ የተሰፋ ትራስ ዙሪያውን ተደርድሮበታል። ሰባት ሴት ተቀምጦበት ለስምንተኛ ቦታ አለው። ሁሉም ይዳብሱታል። ማን ሠራልሽ ቢሏት፣ ከሄርማታ ሰፈሩ አናጢ ከሙርሺድ መጋዝና መላጊያ ተውሳ ራሷ እንደሠራችው ተናገረች። እንጨቱ የእትዬ ሸዋረገጥ መሆኑንም አልደበቀችም። ግን ማን ሰማት? ሁሉም እጇን እጇን ነው የሚያየው።

አራቱ ወንበሮች በረንዳ ላይ ቀሩ። ጫማ ተደረደረባቸው።

በመጨረሻ ጽዋውን የምትቀበለው የቀጣዩ ወር ተረኛ ሸዋረገጥ ነበረች። ተቀበለች፣ ተሳለመች፣ እልል ተባለላት። ልቧ ግን እዚያ መቀመጫ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን አለፋችሁ። ጠዋት ተነስታ ውዳሴ ማርያም ትጀምራለች፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ግድግዳውን ይለካል። እዚህ ጋ ይገጥም ነበር። የኔ እኮ ነው። የባሌ እኮ ነው። አንዲት ትናንት የመጣች ልጅ በኔ ዕቃ ትመሰገንበት? እመቤቴ ሆይ፣ ከቅናት ሰውሪኝ ትላለች፤ መልሳ ደግሞ ትለካለች።

ዐሥር ቀን እንዲህ ከሰነበተች በኋላ መቅዲን አስጠራቻት። ጽዮናዊት ደውላ የአባቴ ቁምሳጥን የት ደረሰ ብላ አለቀሰችብኝ፣ ልጅ እኮ ነች፣ ምን ላድርግ አለቻት። አንድም ቃል እውነት የለውም። የመቅዲ ፊት ልውጥ አለ። ይቅርታ የጠየቀችው ጭራሽ እሷ ናት፤ የሟች ዕቃ መሆኑን ባውቅ መጋዝ አላሳርፍበትም ነበር ብላ። በማግስቱ ከነትራሱ ላከችው።

ኩመራ እያወረደ ሳቀ።

"አዴ ሸዋረገጥ፣ ከእንግዲህ መንገዱን ለምዷል፣ ብቻውን ይመላለስ።"

"ሥራህን ሥራ አንተ" አለችው።

ትራሱን መላኳ ነው ይበልጥ ያናደዳት። ብታስቀረው ምን ነበረበት? ቢያንስ ስስታም ናት ይባል ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሴቶቹ ገቡ፤ መቀመጫውን አዩ፤ ወዲያው መቅዲን አዩ። መቅዲ ራሷ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ጠላውን ታጠልላለች፣ ዳቦውን ታቀርባለች፣ እንደ ቤት ልጅ ጉድ ጉድ ትላለች። ሸዋረገጥ ሙገሳውን ስትጠብቅ፣ ሳይጠራ ማንም ያላሰበው ሰው ከተፍ አለ፤ ጽዮናዊት። ለእናቷ ሳትነግር ነው ከአዲስ አበባ የተነሳችው፣ መንገድ ላይ ሰኮሩ ስትደርስ መኪና ተበላሽቶባት ዘግይታ። እናቷን ሳመች፣ ሁሉንም ሳመች፣ ከዚያ መቀመጫው ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

"እማዬ፣ ይሄ ያ ቁምሳጥን አይደል እንዴ? ሲያምር! እኔ እኮ ድሮ አንድደሽው እንደሆነ ነበር የማስበው።"

መቅዲ ማንቆርቆሪያውን ይዛ እዚያው ነበረች። ሰማች። ቀና አላለችም፤ የቀጣይዋን ብርጭቆ ሞላች። ይሄ ነው ሸዋረገጥን የገደላት። ብትቆጣ ይሻላት ነበር።

ዳቦው ተባርኮ ጽዋው ሊቀመስ ሲል፣ ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴዋ እማሆይ እንደ ልማዳቸው ተነሱ።

"የተቀያየመ፣ ነገር የያዘ ካለ፣ ጽዋው ሳይቀመስ ይናገር።"

ሁልጊዜ ሁሉም "የለም" ይላል፤ ቀድማ የምትለው ደግሞ ሸዋረገጥ ናት። ዛሬ አፏ አልከፈት አላት። ቂም ይዞ ጽዋ መቅመስ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ልጆቿን ያሳደገችው ይህንኑ እየነገረች ነው። ሌሎቹ "የለም" ብለው ጨርሰው እሷን ያያሉ።

"አለ" አለች። "እኔ ነኝ። መቅዲ ምንም አላደረገችኝ። ዋሽቼ ነው ያስመለስኩት። ልጄ አላለቀሰችም። ቀንቼ ነው።"

ጽዮናዊት አንገቷን ደፋች። ሸዋረገጥ ተነስታ መቅዲ እግር ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል፣ መቅዲ ሮጣ ያዘቻት፤ ትከሻዋን ሳመቻት።

"ተዉ እትዬ፣ በማርያም። ትቼዋለሁ።"

ነገ ኩመራን ጠርቼ እመልስልሻለሁ ብትላት መቅዲ እምቢ አለች። እዚህ ይሁን፣ ለማኅበሩ ይቀመጥ፣ እኔ ከአንድ የተሰበረ አልጋ ሌላ ጀምሬያለሁ አለች። ወዲያው ሴቶቹ ከየት ያገኘሽው አልጋ ነው፣ ምን ልታደርጊው ነው፣ ለእኔስ ትሠሪልኛለሽ ወይ እያሉ ከበቧት። እማሆይ እንኳ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

ሸዋረገጥ ጽዋውን ቀመሰች። ደረቷ ቀለል አላት፤ ውሸት አልናገርም። ዳቦውን ይዛ ስትዞር ግን ማንም ቀና ብሎ አላያትም፤ ሁሉም መቅዲን ይሰማል። ይቅር ማለቱን እንኳ እንዴት አሳመረችው፣ ብላ አሰበች፤ እኔ ብሆን አንድ ሳምንት አስለምን ነበር። ወዲያው አማተበች። የትልቁን ዳቦ መሐሉን ቆርሳ፣ በሰው መሐል አልፋ፣ ቀድማ ለመቅዲ ሰጠቻት።