አስማረን ዝቅ ያደረገው ጣት

በወለጋዋ ጉቴና በዙሪያዋ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚፈለገው ካህን ነው፤ ቀጥሎ አስማረ። ሙሾ ማውረድን ማንም አላስተማረውም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በመኪና ተጭነው ሲመጡ አባቱ መንገዱን ሙሉ ያንጎራጉሩ ነበር፤ ልጁ አስማረ ያንን ይዞ፣ የጎደለውን ከራሱ እየሞላ፣ አድጎ አልቃሽ ሆነ። ለቅሶ ቤት ደርሶ "እኔን አፈር!" ያለ እንደሆነ በአስፋልቱ የሚያልፈው ባጃጅ እንኳ ቆሞ ያዳምጣል። ሟቹን በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ሰው እምባው ይወርዳል። ይህን ችሎታውን አስማረ ያውቃል፤ ማወቁንም ከማንም አይደብቅም።

የእህቱ ልጅ ሠርፀ የተቀበረ ቀን ግን ጉድ ሆነ። አስማረ ወደ ሳጥኑ ተጠጋ፤ ነጠላውን አስተካከለ፤ አፉን ከፈተ። ምንም የለም። ደግሞ ሞከረ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሲያለቅስ የኖረ ሰው፣ እህቱ ከሞተች ወዲህ በእጁ ላሳደገው ልጅ አንዲት ቃል አጣ። ለቀስተኛው ጠበቀ፤ ካህናቱም ጠበቁ፤ በመጨረሻ ሚስቱ በዛብሽ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። "ሐዘኑ በርትቶበት ነው" አሉ ደጎቹ። "ለሰው ለቅሶ እንጂ ለራሱ አልፈጠረበትም" አሉ ሌሎቹ፣ እሱ እንዲሰማው ጮክ ብለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስማረ አንድ ተስፋ ብቻ ቀረው። ሠርፀ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ባለው ቤቱ ጓዳ ውስጥ ስቱዲዮ ነበረው፤ ግድግዳው ላይ አሮጌ ፍራሽና የእንቁላል ካርቶን ለጥፎ፣ የሠርግ ዘፈንም መዝሙርም እዚያው ይቀርጽ ነበር። ከመታመሙ በፊት ደግሞ የቤተሰቡን እንጉርጉሮ፣ የአስማረ አባት ከወሎ ይዘውት የመጡትን፣ ቀርጾት ነበር። አስማረ እየመራ፣ በዛብሽ እየተቀበለች፣ የሠርፀ ጎረቤት ጋሩማ ክራር እየመታ። አሁን የሠርፀ ሚስት እምነት፣ "በአርባው ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሰው ከበላ በኋላ እሱን እናሰማለን" አለች።

አስማረ ይህን ሲሰማ ነፍሱ መለስ አለች። በቀብሩ ቀን እምቢ ያለው ድምፁ በአርባው ድንኳን ይወጣለታል፤ ሠርፀም አጎቱ ያላለቀሰለት ሆኖ አይቀርም። "እስኪ ምን ያህል እንደሚሰማ ልየው" አለና፣ ከአርባው በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ በዛብሽን ጌሾ ስትወቅጥ ትቷት በሚኒባስ ነቀምቴ ገባ።

ጋሩማ ቀድሞት ደርሶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ አስማረ! ድምፅዎ ተሻለው?"

"የኔ ድምፅ ደግሞ መቼ ታመመ?" አለ አስማረ ሰላምታውን እንኳ ሳይመልስ።

እምነት ጥቁር ልብሷን እንደ ለበሰች ኮምፒውተሩን ከፈተች። ድሮም ከባሏ ጋር አብራ ስትሠራ ስለ ነበር ዕቃውን ሁሉ ታውቀዋለች። ከኮምፒውተሩ ፊት አንድ ጠፍጣፋ ነገር ተቀምጧል፤ ስምንት ቁልፎች እንደ ወታደር ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ በራሱ ስንጥቅ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት። ሠርፀ ሰው የተጠቀመበትን ከአዲስ አበባ ገዝቶ፣ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ አድርጎ ያመጣው ነው።

"ይህ ፌደር ይባላል" አለችው አንዱን እያሳየች። "ወደ ላይ ሲገፋ ድምፁ ይጎላል፤ ወደ ታች ሲጎተት ይቀንሳል። አንዱ ለአንድ ሰው ነው።"

ከየፌደሩ ሥር ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በሠርፀ የእጅ ጽሑፍ ስም ተጽፎበታል። "ክራር"፣ "ከበሮ"፣ "እትዬ በዛብሽ"፣ "አጎቴ አስማረ"።

"መሀል ላይ ነው ያስቀመጠኝ" አለ አስማረ ደስ ብሎት።

እምነት አስጀመረችው። ክራሩ ሲነሣ ፌደሮቹ ማንም ሳይነካቸው ዝዝዝ ብለው ተነሥተው በየቦታቸው ቆሙ። አስማረ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ዘለለ።

"በስመ አብ!"

"አይፍሩ ጋሼ፤ ውስጡ ሞተር አለው። ሠርፀ ድምፁን ሲያስተካክል እጁ ያደረገውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ይዞታል። አሁንም በተጫወተ ቁጥር ፌደሮቹ እጁ በሄደበት ይሄዳሉ።"

"ይህ የሠርፀ እጅ ነው እያልሽኝ ነው?"

"እጁ ያለፈበት ነው።"

አስማረ ወደ ፌደሮቹ ጠጋ አለ። የክራሩ ፌደር በቀስታ ከፍ ሲል፣ ትንሽ ሲመለስ፣ እንደገና ከፍ ሲል አየ፤ ልጁ ሲያስብ እንደሚያደርገው፣ ፈራ ተባ እያለ። እምባው ሊመጣ ደረሰ። ደረሰ እንጂ አልመጣም፤ ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት የተቀረጸው አስማረ "እኔን አፈር!" ብሎ ገባ፣ "አጎቴ አስማረ" የሚለው ፌደርም ሰው እንደ ገፈተረው ሽው ብሎ ወረደ።

"ምነው ወደቀ?"

"አልወደቀም ጋሼ። አውርዶት ነው።"

"ማን?"

ጋሩማ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ሁለተኛው ስንኝ መጣ። ፌደሩ ትንሽ ቀና አለ፤ አስማረም ቀና አለ። ከዚያ የተቀረጸው አስማረ ያችን ጉቴን የምታስቆመዋን ከፍተኛ ድምፅ ሊያወጣ ሲል ፌደሩ ከታች ጫፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ነገሩን በጆሮው ብቻ ሰምቶት ቢሆን "ስፒከሩ ነው" ብሎ ያልፈው ነበር። ስሙ የተጻፈበት ነገር፣ ሰው እያየው፣ ዐይኑ ፊት ዝቅ ዝቅ ሲል ግን ምን ብሎ ይለፈው?

"ዋቀዮ!" አለ ጋሩማ፤ ሳቁ አመለጠው። "በቁሙ አፍሮ ያልነገረዎትን አሁን እየነገረዎት ነው እኮ!"

"አንተ ክራርህን ያዝ!"

አስማረ ተነሥቶ አውራ ጣቱን ፌደሩ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ገፋው። ፌደሩ አጉረመረመና መልሶ ገፋው። አስማረ በረታ፤ ፌደሩም በረታ። ሰውዬው ትከሻውን ጨመረበት።

"ኧረ ይሰበራል! የሰው ጣት ሲነካው መልቀቅ ነበረበት" አለች እምነት። "ጣትዎ ደርቆ እንጨት መስሎት ይሆናል። እስኪ አርስ ያድርጉት።"

አስማረ በእርፍና በመጥረቢያ የጠጠረውን አውራ ጣቱን ላስ አድርጎ መለሰው። ፌደሩ እንደ ቅቤ ለቀቀለት። ድምፁ ጓዳውን ሞላው።

"ይኸው! ይህ ነው እንጂ!" ብሎ ጣቱን አነሣ። ፌደሩ ዝዝዝ ብሎ ወደ ነበረበት ወረደ። ደግሞ ገፋው፤ እሺ አለው። ለቀቀው፤ ወረደ።

"ራሱ ነው!" ብሎ ጮኸ አስማረ። "ራሱ ሠርፀ ነው! በቁሙም እንዲህ ነበር። 'ዶሮዎቹን አስገባ' ስለው 'እሺ አጎቴ'፤ ዞር ስል ኳስ ሜዳ። 'መምህርነት ተማር' ስለው 'እሺ አጎቴ'፤ ዞር ስል ፍራሽ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። አንድ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም፤ አንድ ቀንም እሺ ያለውን አላደረገም!"

እምነት ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ራሷን አስደንግጧት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። አስማረ ይህን ሲያይ ቁጣው በረደና ተቀመጠ።

"ልጄ፣ በቀብሩ የሆንሁትን አይተሻል። በአርባው ደግሞ እንዲህ ታፍኜ ከተሰማሁ፣ ሠርፀን አጎቱ አላለቀሰለትም ማለት ነው። እባክሽ የሱን እጅ አንሥተሽ የኔን አድርጊበት።"

እምነት ጥቂት አሰበች። "የሱ አይነካም፤ ተቀምጦ ይቆያል። በሌላ ኮፒ ላይ ግን እንደ ፈለጉ ይሥሩ። በአርባው የትኛው እንደሚሰማ እርስዎ ይወስናሉ።"

"እንግዲያ ምን ታስጨንቂኛለሽ! አምጪው!"

አስማረ አውራ ጣቱን እንደገና ላሰ፤ በስሙ ላይ አደረገ፤ እንጉርጉሮው እስኪያልቅ ከላይኛው ጫፍ አላወረደውም። የሠርፀ እጅ በሌለበት በዚህ ኮፒ ሌሎቹን ማንም ስላልነካቸው ከታች ባሉበት ቆዩ። ሲጨርስ ቀኑን ሙሉ እንዳረሰ ሰው ላቡን ጠረገ። እምነት አሰማችው።

አስማረ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስማረ። ክራሩ ከተራራ ማዶ እንዳለ ቃጭል አልፎ አልፎ ብቻ ቅጭል ይላል። ስፒከሩ ተንቀጠቀጠ፤ የጎረቤት ውሻ ተቀበለው።

"እህስ?" አለ አስማረ።

"ጋሪ ዳ፣ በጣም ጥሩ ነው" አለ ጋሩማ። "እኔ ግን ያን ቀን መጥቼ ነበር እንዴ?"

"ክራር ደግሞ ምኑ ይሰማል!"

"እሺ የኔስ ይቅር። አዴ በዛብሽስ? ዳቦ ይዘው መጥተው የበላነው ትዝ ይለኛል።"

አስማረ ፕላስተሩ ላይ የሚስቱን ስም ፈለገ። እውነትም በዛብሽ የት ገባች? ተቀባይዋ እሷ ናት።

"እስኪ የሱን መልሽልኝ" አለ።

በዚህ ጊዜ የራሱን ፌደር አላየም፤ ማየቱ ያመው ነበር። ዐይኑን ጎን ወዳለው፣ "እትዬ በዛብሽ" ወደሚለው ወሰደ። የእሱ ሲወርድ የእሷ ይነሣል። ጠባብ በር ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ይመስላሉ፤ አንዱ ጥግ ይዞ ሌላውን "ይለፉ" የሚል። ከዚያ ድምፅ ሰማ። ቀጭን፣ ትንሽ ሻካራ፣ በየስንኙ መጨረሻ ላይ እንደ መቀነት ጫፍ ቀስ ብላ የምትታጠፍ።

"ይቺ ማናት?"

"ማን ትሆን ጋሼ?" አለች እምነት።

ዕድሜውን ሙሉ ከበዛብሽ ጎን ቆሞ አልቅሷል። ግን እሱ ሲያወጣ ነው እሷ የምትገባው፤ ሁልጊዜ አብረው፣ ሁልጊዜ እሱ ከላይ። "ጨው አልቋል" ስትል፣ "በሩን ዝጋው" ስትል ሰምቷታል። ይህን አልሰማም።

"እንዲህ ትችላለች እንዴ?"

"ሠርፀ ሲነግረኝ፣ 'እትዬን ለመስማት አጎቴ ውሃ እስኪጠጣ መጠበቅ ነው' ይል ነበር።"

አስማረ ጣቱን በነጠላው ጠረገ። "በአርባው የሱን አሰሚ" ብሎ ወጣ። ከደጅ ተመልሶ ደግሞ አንገቱን አስገባ። "የኔንም ግን እንዳታጠፊው!"

በአርባው ቀን ድንኳኑ ጉቴ፣ አስማረ ግቢ ውስጥ ተተከለ። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፤ ሰውም በላ። የእድሩ ዳኛ አቶ ተረፋ ስፒከሩን ሲያዩ፣ "ዘፈን ልታሰሙን ነው እንዴ?" አሉ። እምነት "እንጉርጉሮ ነው" ስትላቸው፣ "እንግዲያው ከካህናቱ ትንሽ ራቅ አድርጉት" ብለው ተቀመጡ።

ክራሩ ከስፒከሩ ተነሣ። የተቀረጸው አስማረ ገባ፤ በዝግታ፣ ከሩቅ።

"አስማረ ነው?" አለ አንዱ።

"አይመስለኝም። ክራሩ ይሰማል እኮ።"

አስማረ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ሁለተኛው ስንኝ ሊጀምር ሲል መብራት ሄደ።

ስፒከሩ ጭጭ አለ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሌላ የሚታይ ነገር የጠፋ ይመስል፣ ፊቱን ወደ አስማረ አዞረ። አስማረ እንደ ቀብሩ ዕለት ነጠላውን አስተካከለ። ጋሩማ ክራሩን ከጀርባው አውጥቶ መብራቱ ከተወበት ቀጠለ። የአስማረ መግቢያ ደረሰ፤ አለፈ። ጋሩማ ዞሮ መጣ። እንደገና አለፈ።

"ዲሳ፣ ኦቦ" አለ ጋሩማ በሹክሹክታ። "ካቃተዎት ይተዉት፤ ማንም አይቀየምዎትም።"

አስማረ ዐይኑን ጨፈነ። ያችን ፈራ ተባ የምትል የሠርፀን እጅ አየ። "እኔን አፈር" አላለም። አጠገቡ ለተቀመጠ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚነግር፣ ዝቅ ብሎ ጀመረ፤ ለካ ትንሽ ድምፅ ትወጣ ኖሯል።

"እኔ የላክሁህ ለት እሺ ብለህ ቀርተህ፣
ሞት የላከህ ለታ ሄድህ ወይ ተነሥተህ።"

ሠርፀን የሚያውቁት መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ልጁ እንዲያ ነበራ። ፈገግታቸው ሳያልቅ እምባቸው ቀደመ። አቶ ተረፋ ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑ። እምነት በጉልበቷ ላይ ተደፋች። አስማረ ድንኳኑ በእጁ እንደ ገባ አወቀ፤ ትልቁም ድምፅ ተከፍቶለት ደረቱ ላይ ተነሥቶ መጣ። ሰዉም ተዘጋጀ። ልክ በዚያች ቦታ አስማረ ወረደ። ድምፁን ሰብስቦ፣ እስከ መጨረሻው፣ ትንፋሽ ብቻ እስኪቀር ወረደ።

በዛብሽ እንደ ልማዷ በእሱ ድምፅ ተከልላ ልትቀበል ስትገባ ድምፅዋ ለብቻው ድንኳኑ መሀል ተገኘ። ደንግጣ አቋረጠችና በክርኗ ጎኑን ወጋችው።

"አንተ! አመመህ እንዴ?"

"ያንቺ ነው።"

"ምኑ?"

"ተራው። ቀጥይ፤ ሰው ይጠብቃል።"

በዛብሽ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አንሥታ ቀጠለች። ከጓዳ ዕቃ ሲያጥቡ የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ እጃቸውን ከውሃው አውጥተው መጡ። አስማረ ሁለት ጊዜ መግባት አሰኝቶት አፉን ከፈተ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘጋው።

እሷ ገና መሀል ላይ ሳለች መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ በባትሪው መንገዱን ቀጥሎ ኖሮ፣ ስፒከሩ ተንኮሻኩሾ በተቀረጸው አስማረ ድምፅ "እኔን..." ሊል ሲል፣ አስማረ በሰው ጉልበት ላይ ተረማምዶ ደርሶ ሶኬቱን ነቀለው።