ኩሽና ያለው ሰውዬ

አለቃ ባፉር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት እሳት ሲያጠፋ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በአምስተኛው ዓመት የገዛ ቤቱን በለውዝ ሾርባ ሊያቃጥል ሦስት ጊዜ ሞከረ። እንዲህ ብሎ የሚያወራው ራሱ ነው። እሳት አጥፊው ምድጃ ላይ የጣደውን ረሳ እያለ በኩማሲ ከተማ ያለ ጎረቤቱን ሁሉ በራሱ ላይ ያስቃል።

ልጁ ሴርዋ ግን አልሳቀችም።

"አባዬ፣ ከእንግዲህ አንዲት ድስት ካረረች ከኔ ጋር አክራ ነህ!" አለችው።

ያን ቤት ከሚለቅ ሞቱን ይመርጣል። ከሟች ሚስቱ ጋር ጡብ እየቆጠሩ የሠሩት ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ተገጠመለት። ምድጃው በርቶ ሲረሳ ይጮኻል፤ ካልሰሙት ጋዙን ይዘጋል። መጀመሪያ የተቀዳበት የሴርዋ ድምፅ ነበር። "አባዬ፣ ምድጃው!" ባለ ቁጥር ደሙ ይፈላል። የወለድኳት ልጅ በገዛ ኩሽናዬ ልታዘኝ ነው ብሎ በእልህ መልሶ ይለኩሰዋል።

"ታዲያ የማንን ትእዛዝ ነው የምትሰማው?" አለችው ሴርዋ።

"የአለቃን!"

"አለቃው ማነው?"

"እኔ ነኛ!"

የድሮ ቆቡን ደፍቶ፣ ደረቱን ነፍቶ የገዛ ድምፁን መሣሪያው ላይ ቀዳ። "ባፉር! ምድጃው በርቷል! ተነስ፣ አንተ ዝንጉ!" ከዚያ ወዲያ አንድም ድስት አላረረም። በጮኸ ቁጥር "አቤት ጌታዬ!" እያለ፣ በራሱ እየሳቀ ይሮጣል።

አንድ እሑድ ሴርዋ መጥታ በሾርባ የሚበላው የፉፉ ገንፎ ቀርቦ ሳለ ኩሽና ውስጥ "ተነስ፣ አንተ ዝንጉ!" ብሎ ሰው ጮኸ። ባፉር ደነገጠ። ድምፁን የሆነ ቦታ ያውቀዋል፤ ስሙ ግን አልመጣለት አለ። ገብቶ ምድጃውን አጠፋ። ማንም የለም። ተመልሶ ወደ ልጁ ጆሮ ጠጋ አለ።

"ያ ሰውዬ ምን ዓይነት ጉረኛ ነው! ሰው ቤት ገብቶ ይሳደባል።"

ሴርዋ እንደ ልማዱ የሚቀልድ መስሏት ሳቀች።

"የትኛው ሰውዬ?"

"ኩሽና ያለው። ክፉ እንኳ አይደለም፣ ሾርባችንን አትርፏል። ከጠዋት ጀምሮ እንደቆመ ነው። ምሳ ስጪው እንጂ፣ ነውር ነው!"

ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ቀልድ አልነበረም። ተነስታ ሦስተኛ ሳህን አመጣችና ሾርባ ጨለፈችበት።

"አባዬ፣ አክራ አትሄድም። እኔ ነኝ ወደዚህ የምመጣው።"

ባፉር በደስታ ጭኑን መታ።

"እሰይ! በይ ለሰውዬውም አንቺው ንገሪው። እኔ እንደሆንኩ እረሳዋለሁ።"