ሁለቴ ሲንኳኳ ይዘጋል

ሽቦ የሚሏት ልጅ ቧንቧውን በመፍቻ ሁለቴ ኳ ኳ ስታደርገው፣ ግድግዳው ውስጥ ሲንሿሿ የነበረው ውሃ ቀጥ አለ። ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ያለ ጥድፊያ፣ ረጋ ተብሎ።

በቃ፣ ዋናውን ዘረገፍኩት፤ አፌ ላይ አልቆይ አለኝ። ግን የሚያስፈራው ማንኳኳቱ አይደለም። አንድ ማለት «ክፈት»፣ ሁለት ማለት «ዝጋ»፣ ሦስት ማለት «ሰማሁ» ነው። አንዱ ቆጣሪው ጋ፣ ሌላው ወጥ ቤት ሆኖ ሲሠሩ መጮህ ስለሰለቻቸው ሽቦና አባቷ ያወጡት ምልክት ነው። እሱ ቧንቧ ሠራተኛ፣ እሷ ደግሞ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር እሱን ተከትላ ዕቃ አቀባይ። ሽቦ እስከምታውቀው ከሁለቱ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። አባቷ ደግሞ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው።

እሺ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

የሽቦ እናት የቤታቸውን የፊት ክፍል የሴቶች ፀጉር ቤት አድርጋዋለች። ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ ማጠቢያ፣ አንድ ትልቅ መስታወት። ከለቅሶው በኋላ ታዲያ ውሃው ዓመል አወጣ። በሁለት በሦስት ቀን አንዴ፣ ብዙ ጊዜ አሥር ሰዓት አካባቢ፣ ደህና ሲወርድ ቆይቶ ድንገት ክር ያክላል። ሰኞ አንዷ ደንበኛ አረፋዋን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ግድግዳው በተንኳኳበት ቀን ደግሞ ማጠቢያው ላይ ተንጋላ የነበረችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የሽቦ የሒሳብ አስተማሪ። ሻምፖው ዓይኗ ድረስ ወርዶ።

«አንቺ ልጅ፣ ውሃ ካለ አምጪ፣ ዓይኔ ጠፋ» አለች አስተማሪዋ።

«መጣ፣ መጣ» አለች ሽቦ። በሆዷ ግን እየሳቀች ነበር። ክፍል ውስጥ እንዲያ የምታንቀጠቅጣቸው ሴትዮ አሁን እንደ እርጥብ ድመት ሆናለች።

እናትየው አልሳቀችም። በማንቆርቆሪያ አለቅልቃ ከሸኘቻት በኋላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ነገ ጠዋት ባለሙያው ይመጣል። ግድግዳውን ሰብሮ መስመሩን በሙሉ ያወጣዋል። እንዲህ እየሆንኩማ ደንበኛ አይኖረኝም።»

«እማ፣ እሱ የዘረጋውን ልታስፈርሺው?»

«እሱ ቢኖር መች ይበላሽ ነበር?»

ሽቦን ይቺ ነገር ቆረጠቻት። አባቷ የሠራው በሌላ ሰው እጅ ሊፈርስ ነው። የመሣሪያ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎተተችና ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ የቧንቧውን አፍ ፈታች። ወንፊቷ ላይ ሦስት አራት ፍሬ አሸዋ እንጂ ሌላ የለም። አጠበቻት፣ መለሰቻት፤ ውሃው ያው ክር። ከማጠቢያው ሥር ያለውን መዝጊያ አየች፤ እስከ ጥግ ተከፍቷል። ከዚያ አባቷ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የቤቱን ቧንቧ በሙሉ ዘግታ ቆጣሪው ጋ ሄደች።

ቆጣሪው ይሽከረከራል።

ቤቱ ውስጥ አንድም የተከፈተ ነገር ሳይኖር፣ ያቺ የቆጣሪው ትንሽ ቀይ ጎማ በፍጥነት ትዞራለች። አንድ ሰው ውሃቸውን እየተጠቀመ ነው፤ በዚያች ደቂቃ።

ጆሮዋን ግድግዳው ላይ እየለጠፈች መስመሩን ተከተለችው። ኮሪደሩ ላይ ምንም። መታጠቢያ ቤት ምንም። ፎጣ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ስትደርስ ግን ሰማችው፤ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ሽሽሽሽ። ፎጣዎቹን ስታነሳ አንዲት ቀጭን ቧንቧ ወጥታ ግድግዳው ውስጥ ትገባለች። መጋጠሚያዋ ላይ ውሃ እንዳያፈስ የሚጠመጠመው ነጭ ጥቅል ወደ ግራ ተጠምጥሟል። አባቷ ግራኝ ነበር። የእጁን ሥራ ከሺህ ትለየዋለች።

ያኔ ነው እንግዲህ፣ ለምን እንደሆነ ራሷም ሳታውቀው፣ እጇ መፍቻውን አንስቶ ሁለቴ ያንኳኳው።

ውሃው ቆመ። ሦስት ጊዜ መልስ መጣ።

ሽቦ መሮጥ ፈልጋ ነበር። ግን ጎንበስ ብላ አየች። ቧንቧዋ ግድግዳው ውስጥ የምትገባበት ቦታ ላይ ልስኑ ተሰንጥቋል፤ በዚያች ስንጥቅ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። ከአየሩ ጋር ደግሞ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ድምፅ።

«ዘጋሁት። አንተ ነህ አይደል?»

ሽቦ ጆሮዋን ስንጥቁ ላይ ለጠፈች።

«ቆየህብኝ እኮ። ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ጥዬ ስጠብቅ ዝም። በርሜሉ ሲያልቅብኝ ራሴ ከፈትኩት። አትቆጣኝ እሺ?»

አሁን አወቀቻት። አክስቷ ናት። ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው የአባቷ ታላቅ እህት፣ እሱን አዝላ ያሳደገችው። ቤቱ ድሮ አንድ ነበር፤ በውርስ ጊዜ መሃሉ ላይ ግድግዳ ገባና ቆጣሪው በእነ ሽቦ በኩል ቀረ። በውርሱ በተነሳው ጠብ እናቷ «ከእኔ ቆጣሪ ጠብታ አያልፍም» ብላ ነበር፤ አባቷም «እሺ» ብሎ ነበር። እሺ ብሎ ደግሞ ይሄን ሠርቷል። ሽቦ በእንቅልፍ ልቧ የምትሰማው ያ የማለዳ ኳኳታ ለካ ይሄ ነበር። አባቷ ፀጉር ቤቱ ሳይከፈት አንዴ አንኳኩቶ አክስቷን ያስከፍታታል፤ በርሜሏ ሲሞላ ሁለቴ አንኳኩቶ ያዘጋታል። ማንም ውሃ አይጎድልበትም።

እና ለቅሶው? አክስትየው መጥታ ነበር እኮ። ጥግ ላይ ተቀምጣ አጠገቧ ያለውን ሁሉ «ማን ነው የሞተው?» እያለች ስትጠይቅ ሰው ሐዘን ያዞራት መስሎት ነበር። ሐዘን አልነበረም፤ የእርጅና መርሳት ነበር።

«ወንድሜ?» አለ ስንጥቁ። «ለምን ዝም አልክ? ሚስትህ አለች እንዴ?»

ሽቦ መፍቻውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እሺ፣ ገባኝ። ነገ ጠዋት አንኳኳልኝ። እጠብቅሃለሁ።» ከዚያ የነጠላ ጫማ ድምፅ፣ ተጎተተ፣ ራቀ።

ፎጣዎቹን መልሳ ደረደረቻቸው። አንዱን አራት ጊዜ አጠፈችው መሰለኝ። ፀጉር ቤት ስትገባ እናቷ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላ ውሃውን በመዳፏ ትመታለች። ውሃው እንደ ድሮው ወፍሮ ይወርዳል።

«አንቺ፣ ምን አድርገሽው ነው?»

«ምን ላድርገው...»

«ያን ሁሉ ወር ያሰቃየኝን? ምን ነበር?»

አሁን አስቡት። ብትናገር እናቷ ነገ በሚመጣው ባለሙያ ቧንቧዋን ታስቆርጣለች፤ ወዲያ ማዶ ያለችው ሴትዮ በደረቅ በርሜል ትቀራለች። እናቷ ደግሞ ባሏ ለዓመታት ፎጣዋ ሥር ምን ደብቆ እንደኖረ ታውቃለች። ዝም ካለች ግን ነገም፣ ከነገ ወዲያም ያቺን ግድግዳ ማንኳኳት የእሷ ሥራ ሊሆን ነው።

«ወንፊቱ ነው እማ። አሸዋ ይዞ ነበር።»

እናቷ አገላብጣ አየቻት። «አሸዋ?»

«አሸዋ። ለባለሙያው ደውዪና አትምጣ በይው። እኔ እያየሁ አጥበዋለሁ።»

«የአባትሽ ልጅ» አለች እናቷ፣ ስልኳን እያነሳች።

ሽቦ የራሷን ስልክ አውጥታ ማንቂያውን ለንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላችው። እናቷ እንዳትሰማም ድምፁን አጥፍታ ንዝረት ብቻ አደረገችው። ማንኳኳቱንስ ታንኳኳለች፤ እሱ ተወስኗል። ያ ድምፅ ግን በስንጥቁ በኩል «አንተ ነህ አይደል?» ማለቱ አይቀርም። የለም፣ ሞቷል ብትላት አክስትየው ወንድሟን እንደ አዲስ ልትቀብረው ነው፤ ነገ ረስታ ደግሞ ልትጠይቃት ነው። ዝም ብትል ደግሞ የሞተ ሰው በየጠዋቱ እየመጣ ውሃ ሊያስከፍት ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?