ወደ ቀኝ ብቻ የሚዞረው ቤት

«በዚህች ወሬ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሸት ብትገኝ ምላሴ እዚሁ ወንበር ላይ ደርቃ ትቅር!» አለ መብረቁ፣ የሻይ ብርጭቆውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ።

ለቅሶ ቤቱ ጢም ብሏል። ወንበሮቹ ከየጎረቤቱ የተለቀሙ ስለሆኑ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ እግሩ የሚወዛወዝ ነው፤ ለቀስተኛውም እንደ ወንበሩ ዕድል ከፍና ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ሳሎኑ ሃያ ሰው በጭንቅ ይይዛል። መብረቁ ግን ቤቱ ሲገባ «ሦስት መቶ ሰው ነበር፣ ያውም የቆመውን ሳልጨምር» ማለቱ አይቀርም።

«ማሽኑ ሞቶ ነበር» ሲል ቀጠለ። «በድን! ትንፋሽ የለ፣ መብራት የለ። በነዚህ ጣቶቼ ነው ከሞት ያስነሳሁት።»

«እንግዲያው ባለቤቱንም አስነሳልና» አለ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ከበሩ ሥር፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ቃሉ ግን አምልጧል።

ሰው ሁሉ ደንግጦ የሟቹን አጎት አየ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሁለት ሰዎች ሊደግፏቸው ብድግ አሉ። ቀና ሲሉ ግን ለካ እየሳቁ ኖሯል።

«ተዉት፣ ይናገር» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ልጄ በሕይወቱ የሳቀው እሱ ሲዋሽ ብቻ ነው።»

«አባባ፣ ይህችኛዋ ውሸት አይደለችም!» አለ መብረቁ።

ይህን ሲል የእውነቱን ነው። መብረቁ መንገዱ ጥግ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ላፕቶፕ ይጠግናል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ እንደ መብረቅ ፈጥኜ እጠግናለሁ ብሎ። ሰፈሩም ሳያንገራግር ተቀበለው፤ ለፍጥነቱ ሳይሆን ለነጎድጓዱ። የሱ ወሬ ማታ ተቦክቶ ጠዋት ከዕቃው ገንፍሎ የሚገኝ ሊጥ ነው፤ ራሱም ያውቀዋል። ከዕድሜ ልክ ወሬው መካከል እርሾ ያልገባባት አንዲት እውነት ብትኖር ግን ለሟቹ ወዳጁ፣ ለቤት ነዳፊው፣ ላፕቶፕ የሠራው ሥራ ነበር። ስለዚህ ለቅሶው በተጀመረ ዕለት ፀጉር አስተካካዩ «እሷንም ፈጥረሃት እንዳይሆን» ሲለው ደሙ ፈላ። በሰው ሁሉ ፊትም ማለ፦ ለቅሶው በሚነሳበት ቀን ማሽኑን አብርቶ፣ ነዳፊው ለመጨረሻ ጊዜ የሳለውን ቤት እንደ እንዝርት ሲሾር ሊያሳያቸው።

የሟቹ ሚስት ያን ጊዜ ባዶ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። ፋርማሲስት ናት፤ ቃል የምታወጣው እንደ ጠብታ መድኃኒት ነው፣ ለሕመሙ የሚበቃውን ያህል ብቻ። መብረቁ ሲምል ቀና ብላ አየችው፣ አንዱን ብርጭቆ ሁለቴ አነሳችው፣ ወደ ኩሽና ገባች።

ነገሩ የጀመረው ነዳፊው ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ሱቁ የመጣ ዕለት ነው። የሰው ቤት እየነደፈ የሚተዳደር፣ ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ በማስመሪያ የሚያሰምር የሚመስል ዝምተኛ ሰው ነበር። ማሽኑ አርጅቷል። ቤት ሲስሉበት ይታዘዛል፤ እስቲ ቤቱን አዙሬ ልየው ሲሉት ግን ቁጭ ብሎ ያስባል።

«አዲስ ልግዛ?» አለ ነዳፊው።

«አዲስ? እኔ በቁሜ?» መብረቁ ደረቱን መታ። «ግራፊክስ ካርድ፣ ሥዕል የሚያዞረውን ክፍል፣ ከላፕቶፑ ውጭ እቀጥልልሃለሁ። የትልቅ ኮምፒውተር ካርድ! ቤትህን አይደለም፣ ከተማውን ያዞርልሃል።»

ካርዱ ሁለት ማራገቢያ የተሸከመ ወፍራም ጡብ ነበር፤ እንኳን ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ሊገባ፣ ላፕቶፑን ሊውጥ የሚችል። መብረቁ ነዳፊው ቤት ድረስ ሄዶ፣ በሥራ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የማሽኑን ሆድ ከፈተ። ዋይፋይ ካርዱን ነቅሎ በዚያው ቀዳዳ ገመድ ሰካ፤ ገመዱን ወደ ውጭ አውጥቶ ከትልቁ ካርድ ጋር፣ ካርዱን መብራት ከሚሰጠው፣ ከአሮጌ ዴስክቶፕ ከተፈታ ፓወር ሰፕላይ ጋር አገናኘ። አበሩት። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ያልተፈቀደ ካርድ ስላለ ነቅለህ አስነሳኝ የሚል።

«ዘበኛ አለው» አለ መብረቁ። ባዮሱን ማለቱ ነው፤ ማሽኑ ገና ዓይኑን ሲገልጥ የሚያነባት፣ ከጣት ጥፍር በምታንስ ቺፕ ላይ የተጻፈች ትእዛዝ። «የማያውቀውን አያስገባም። ግድ የለም፣ አመሉን እንቀይረዋለን።»

ቺፗን በመቆንጠጫ ያዛት፤ የተጻፈባትን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ቀድቶ አንዱን ቅጂ አስቀመጠ፣ ሌላውን ነካክቶ መልሶ ጻፈባት። ማሽኑ ጭልም አለ። ቢጫኑት፣ ቢያራግፉት፣ ቢለምኑት አልነቃ አለ። የመብረቁ ላብ ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ። ነዳፊው ግን ተነስቶ ውሃ አመጣለት፣ ብርጭቆውን ከገመዶቹ ራቅ አድርጎ አስቀመጠ፣ «አይዞህ» አለና ተቀመጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ቢያንስ እናቱን ይጠራበት ነበር። መብረቁ ቀድቶ ያስቀመጠውን መለሰበት፤ ማሽኑ ነፍስ ዘራ። ደግሞ ነካክቶ ጻፈበት፣ አበራው። ነጩ ጽሑፍ የለም! የፋብሪካው ምልክት ወገግ አለ!

ማሽኑ ነቅቶ እስኪጨርስ የሚጠብቅ መብረቅ የለም። ደረጃውን አራት አራቱን እየዘለለ ወረደ፣ የምሥራቹን ለመንገዱ ሊያደርስ። በማግሥቱ ፀጉር አስተካካዩንና ያገኘውን አላፊ አግዳሚ አስከትሎ ሲመጣ፣ በስክሪኑ ላይ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከነበረንዳው፣ ከነመስኮቱ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይደናቀፍ ይዞራል። ማራገቢያዎቹ ይጮሃሉ። መብረቁን በዚያች ቀን ተወለድክ ቢሉት ያምናል።

«ወደ ግራስ ይዞራል?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ነዳፊው ማውሱን በመዳፉ ሸፈነው። «የኔ ቤት ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው» አለ።

ከሱ አፍ ቀልድ ሲወጣ የሰማ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ለቅሶው በገፋ ቁጥር ወሬው አበጠ። ካርዱ ትናንት ጡብ ያክል ነበር፤ ዛሬ ሁለት ሰው የሚሸከመው ሆኗል። የማራገቢያው ነፋስ የፀጉር አስተካካዩን ኮፍያ በመስኮት ወሰደው።

«እኔ ኮፍያ አድርጌ አላውቅም» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ከዚያ ወዲህ ነው የተውከው!»

አጎትየው እንደገና በሳቅ ተንቀጠቀጡ፤ አሁንማ የሚደግፋቸው የለም፣ ሰው ለምዷል። የመጡት ሁሉ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ወንበራቸውን ወደ መብረቁ ያስጠጋሉ። ስለ ሟቹ ሌላ የሚያወራ ሰው የለማ። ደንበኞቹ የሚያውቁት ሥዕሉን ነው፤ ጎረቤቶቹ የሚያውቁት የበሩን ድምፅ።

«ደግሞ ልብ በሉ» አለ መብረቁ፣ «ካርዱ አይሞቅም! የሌላው ሰው ካርድ እንቁላል ይጠብሳል። የኔን ብትነኩት እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቃዛ። የቀባሁት ቅባት ነው፣ ምስጢሩን ለማንም አልናገርም።»

ያችን ቅዝቃዜ እሱ ብቻ ነው የሚያውቃት። ከሥራ ሲወጣ ወደ ነዳፊው ቤት ጎራ ማለት ልማዱ ነበር። ደረጃው ላይ ሲደርስ፣ ያ የሲጋራ ዘመኑ ትዝታ የሆነው ሳል ይይዘዋል፤ በሩ ሳይንኳኳ ይከፈትለታል። ሥራ ክፍል ገብቶ መዳፉን ከማራገቢያው ፊት ይዘረጋል። «ይሰማሃል? ሥራ ማለት ይሄ ነው» ይላል። ነዳፊው «ይሰማኛል» ይላል። አዲስ ቤት ካለ ያሳየዋል፤ ቤቱ ይዞራል፣ መብረቁ ያወራል፣ ነዳፊው ይሰማል። አንዱ አፍ፣ አንዱ ጆሮ ሆነው ይመሻል።

ለቅሶው የሚነሳበት ቀን ደረሰ። ሰው ሻዩን ጨርሶ ይጠብቃል። መብረቁ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ሥራ ክፍሉ ሲገባ ሚስትየው ተከትላው ገባችና በሩን ገፋ አደረገችው።

ክፍሉ እንዳለ ነው። እርሳሶቹ ጫፋቸው እኩል ሆኖ ተደርድረዋል። ጡቡ ካርድ ከነገመዱ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ አቧራው ግን ተወልውሏል።

«ሥዕሉን ከፍተህ ላዙረው እንዳትል» አለች። «ሰው ፊት ይቆምብሃል።»

«አንቺ ደግሞ! ይሄ ካርድ እያለ?»

«ካርዱ አይሠራም።»

«ገመዱ ላልቶ ይሆናል። እኔ በቁሜ ይሄ—»

«አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም።»

መብረቁ ሳቀ። ሳቁ ግን የሚሄድበት አጣ።

«ያን ዕለት አንተ ደረጃውን ስትወርድ ነው ማሽኑ የነቃው» አለች ሚስትየው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሱ ካርዱን ማሽኑ ከሚያውቃቸው ዕቃዎች መካከል ፈለገው፣ ፈለገው፣ የለም። ‹ዘበኛውን አስተኝቶታል፤ በሩን ግን አልከፈተውም› አለኝ። ሊጠራህ መስኮቱን ከፈተ። ታች ቆመህ ለፀጉር አስተካካዩ ትነግረዋለህ። መልሶ ዘጋው።»

«ቤቱ ሲዞር እኮ በዓይኔ…»

«ቪዲዮ ነው። ቤቱን ትንሽ ያዞረዋል፣ አንድ ሥዕል ያወጣል፤ ደግሞ ትንሽ ያዞረዋል፣ ሌላ ያወጣል። ሲነጋ ቀጣጠለው። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ቤት ይሠራልህ ነበር። ደንበኞቹ እንኳ አላዩትም።»

መብረቁ ማውሱ ላይ ያረፈ መዳፍ ታየው። ወደ ቀኝ፣ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ። ቀስ ብሎ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ማራገቢያውስ?»

«እሱማ መብራት ካገኘ ይዞራል። ሳልህን ደረጃው ላይ ስንሰማ ነው የሚያበራው። እጁ ከተያዘ እኔ አበራዋለሁ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ንገረው ብዬዋለሁ። ‹ብነግረው ያፍራል፤ ካፈረ ደረጃውን አይወጣም› አለኝ።» የእርሳሶቹን ጫፍ በጣቷ እኩል አደረገች፤ ድሮውንም እኩል ነበሩ። «የመጨረሻውንም ቤት ጨርሶልሃል። እሱን ክፈትላቸው።»

ከሳሎን የፀጉር አስተካካዩ ድምፅ መጣ፦ «ምነው፣ ይሄኛውንም ልትቀብሩት ነው?»

ሚስትየው ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ተጫነች። ማራገቢያዎቹ ጮሁ። መብረቁ ተነስቶ በሩን ከፈተ።

«ግቡ» አለ። ነጎድጓድ አልነበረበትም። በሱ ዘንድ ይህ ሹክሹክታ ነው።

ተጋፍተው ገቡ፤ ለአጎትየው ወንበሩ ተለቀቀላቸው። በስክሪኑ ላይ አንድ ቤት ብቅ አለ፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ ሰፊ ደረጃ ያለው፣ የሚወጣው ሰው እንዳይደክመው እርከኑ ዝቅ ዝቅ ተደርጎ የተሳለ። ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። አጎትየው በመገረም ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ለመሆኑ ወደ ግራስ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ አሁን ግን ለነገር አልነበረም።

የመብረቁ መዳፍ ቀድሞ ማውሱ ላይ አርፏል። «የሱ ቤት ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው» አለ።

ሌላውን እጁን ሳያስበው ከማራገቢያው ፊት ዘረጋ። ነፋሱ እንደ ወትሮው ቀዝቃዛ ነው።

«ይግላል እንዴ?» አሉ አጎትየው፣ ዓይኑን አይተው።

«ያቃጥላል፣ አባባ» አለ መብረቁ። እጁንም አላነሳም።