የጎደለው መያዣ

ብርዛፍ ተማሪዎቿን እግር መቀያየር ባስተማረች ማግስት የራሷ እግሮች መቀያየር አቃታቸው። ማክሰኞ አስተማረች። ረቡዕ ጠዋት ገደሉ ላይ ሁለት ሜትር ወጥታ ቀኙን በግራው ልትተካ ስትል፣ እግሮቿ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ዝም ተባባሉ። ወረደችና ውሃ ጠጣች።

ከከተማው ጀርባ ባለው ቀይ ገደል ላይ መውጣት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። አሁን አሰልጣኝ ለመሆን እየተማረች ነበር፤ አሥር እንቅስቃሴ ለስድስት ተማሪዎች አስተምራ ስትጨርስ ሰርተፍኬት ታገኛለች። ገደሉ እስከ ዘጠኝ ሜትር ድረስ እጅና እግር የሚያርፍባቸው ጥሩ መያዣዎች አሉት። ስድስተኛው መያዣ ላይ እንኳ ዚፕ የሚመስል ሸካራ መስመር ስላለ፣ ሁሉም ጣቱን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው። ከዘጠኝ ሜትር በላይ ግን እጅ ከሚያስገባ አንድ ስንጥቅ በቀር ልሙጥ ነው። አንድ መያዣ ጎድሎት አናቱን እስከዛሬ የረገጠ የለም።

ብርዛፍ በሕይወቷ የምትፈልገው ያንን አናት ነበር። ዋና አሰልጣኙ ጋሽ ዘርጋውም ቃል ገብተውላታል። «የጎደለው መያዣ ዘንድሮ ይገኛል» ብለዋታል። «መጀመሪያ የምትረግጪው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ሄዳ ነገረቻቸው።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ያስተማርኩት ነገር ከላዬ ላይ እየጠፋ ነው።»

«ተማሪዎቹ ያዙት?»

«ያዙት።»

«እንግዲያው አልጠፋማ» አሉ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ። «ደግሞ አይዞሽ፣ ሰርተፍኬቱን ስትይዢ ይመለስልሻል።»

አመነቻቸው። የመጀመሪያዋን ቋጠሮ ያሰሩላት እሳቸው ናቸው፤ አባቷ ሲሞቱም ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ቤት ተቀምጠውላታል። እርግጥ ጋሽ ዘርጋው በአፋቸው አስተምረው አያውቁም። እሳቸው ይወጣሉ፣ ሰው ቆሞ ያያል፤ ማስረዳቱን ሁልጊዜ ለሠልጣኝ ይተዉታል። ብርዛፍ ይሄን ትሕትና ነው ብላ ነበር የያዘችው።

ሐሙስ ክንድን ዘርግቶ ማረፍን አስተማረች። ዓርብ ታክሲ ውስጥ ክንዷ አልዘረጋ ብሎ አጠገቧ የተቀመጡ እናት ሒሳቧን አቀበሉላት። ቅዳሜ እግርን ያለ ድምፅ ማስቀመጥን አስተማረች። ከስድስቱ ሁሉ ያስቸገረቻት ኤፍራታ ነበረች፤ አለቱን እንደ በር ትደበድበው ነበር።

«እንቁላል ላይ እንደምትቆሚ አድርጊ» አለቻት። «እስኪ ዓይንሽን ከእግርሽ ላይ አታንሺ።»

ኤፍራታ ዓይኗን ሳታነሳ እግሯን አስቀመጠች፤ ምንም አልተሰማም። ብርዛፍ ከራሷ ድል በላይ ደስ አላት። የዚያን ዕለት ማታ ከታች የሚኖሩት ተከራይ፣ ምን ዓይነት አረማመድ ነው ብለው ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት መቱ።

አሥረኛው ትምህርት መልቀቅ ነው። እሱ የሚሰጠው ከላይ፣ ልሙጡ ጋ ሆኖ ነው አሏት ጋሽ ዘርጋው። በእሷ ላይ የቀረ አወጣጥ ስላልነበረ በገመድ ጎትተው አወጧት።

«መልቀቅን ካስተማርኩ በኋላ እንዴት ልወርድ ነው?»

«እኔ አወርድሻለሁ።»

እጆቿን ስንጥቁ ውስጥ አስገብታ ወደ ታች ተናገረች። «ከመልቀቃችሁ በፊት መሄጃችሁን እዩ። ጣታችሁን አታስገድዱት። ክብደታችሁ ሲሄድ እሱ ራሱ ይለቃል።» ስድስቱም ከዝቅተኛው መያዣ ለቀቁና በሁለት እግራቸው አረፉ። አጨበጨቡላት። ብርዛፍም ለማጨብጨብ እጇን ልታወጣ ብትል አልወጣም።

ጋሽ ዘርጋው አጠገቧ ወጡ። ሰርተፍኬቱን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተው ዚፑን ዘጉላት። ከዚያ ገመዷን ፈቱ።

«አወርድሻለሁ ብለውኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር» አሉ።

«ጋሽ ዘርጋው፣ እኔ እኮ እንደ አባቴ ነው ያየሁዎት።»

«አውቃለሁ። በጣም ጎበዝ ልጅ ነሽ» አሉና ወረዱ።

ብርዛፍ ወደ ታች አየች። አራት ዓመት የያዘቻቸውን መያዣዎች ከላይ ሆና ልብ ብላ ስታያቸው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። አንዱ የታጠፈ የሰው ጉልበት ነበር። አንዱ ያጎነበሰ ጀርባ ነበር። የስድስተኛው ዚፕ ዝጓል፣ ግን ጫፉ ላይ መሳቢያው አሁንም ነበር። ከፍታው ምንም አልመሰላትም፤ ያቃጠላት ለቅሶ ቤት የተቀመጡት ሦስት ቀን ነበር። ያን ጊዜም ትከሻዋን እየለኩ ነበር ይሆን?

ከታች «ኤፍራታ፣ ነይ» ሲሉ ሰማች።

ኤፍራታ መጣች። እግሯን ቀያየረች፣ ወገቧን ወደ አለቱ አስጠጋች፣ ክንዷን ዘርግታ አረፈች። ብርዛፍ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አወቀችው፤ የራሷ ነበር። ስሟን ጠራቻት። ኤፍራታ ግን ዓይኗን ከእግሯ ላይ አላነሳችም፤ የተማረችው እንደዚያ ነው። እግሯን ብርዛፍ ትከሻ ላይ አስቀመጠች። ምንም አልተሰማም። ከዚያ ተዘርግታ አናቱን ያዘችና ወጣች።

«ጋሽ ዘርጋው» አለች ከላይ ሆና፣ «አዲሱ መያዣ ይሞቃል።»

«ክረምት ሲገባ ይበርዳል» አሉ። ከጎናቸው ሁለተኛው ተማሪ አለቱ እንዳያዳልጠው እጁን ጠመኔ እየቀባ ነበር።